እስኪጠራዎ አይንኩት

የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ቤት ኤሲ አለው ሲባል የማያውቅ ሰው ይስቃል። ይሳቅ፣ መብቱ ነው። ደብረ ማርቆስ እኮ ደጋ ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ጭጋጉ ቤቶች ሳይል ዘው የሚልበት፣ ሰው ጋቢ ለብሶ ሌላ ጋቢ የሚመኝበት አገር። እዚያ ላይ ደግሞ የቅኔ መምህር ቤት ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር። በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ሳጥን ተሰቅሎ ሙቀት ይተነፍሳል ቢሉት ማን ያምናል? ግን ነበረ። የሰቀለውም ልጃቸው ዓለምነው ነው፤ ባሕር ዳር የሆቴልና የቢሮ ኤሲ እየገጠመና እየጠገነ የሚኖር ሰው።

ነገሩ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። የኔታ አስም አለባቸው። ተማሪውም ጎረቤቱም የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኛም እንዲያው እንበላቸው። ሐኪሙ ጭስና ከሰል ቤትዎ እንዳይገባ ብሎ አጥብቆ ነግሯቸዋል። ከሰሉ ሲወጣ ደግሞ ብርዱ ገባ፤ ብርዱ ደግሞ ከጭሱ የባሰ ደረታቸውን ዘጋው። ምን ይደረግ? በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ዓለምነው የሚሠራበት አንድ ሆቴል ዕቃውን ሲለውጥ አሮጌ ግን ጤነኛ የሆነ፣ ማሞቅም ማቀዝቀዝም የሚችል ኤሲ ወደቀ። ዓለምነው አንሥቶ በአይሱዙ ጭኖ አመጣው። የሰፈሩ ሰው ግድግዳው ሲቦረቦር ቆሞ ተመለከተ፤ ተማሪዎቹ እዚያው ስም አወጡለት፤ የየኔታ ሁለተኛ ሳንባ። የዓለምነው እናት ሥራነሽ አሳጥራ ሳንባው አለችው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

እንግዲህ የዚህ ዕቃ ነፍሱ ያለችው ማጣሪያው ላይ ነው። ባለሙያው ፊልትሮ ይለዋል። ሥራነሽ ምላሷ አልታዘዝ ብሏት ፍልጥሮ ትለው ነበር፤ ዓለምነው ሊያርማት ሞክሮ ሞክሮ በመጨረሻ እሱም በወጉ ፍልጥሮ ማለት ለምዶ፣ ባሕር ዳር ጓደኞቹ ፊት አምልጦት መሳቂያ ሆኗል።

መጀመሪያ ላይ ልጁ ለአባቱ ሳስቶ ከአዲስ አበባ ጥቅጥቅ ያለ፣ ድርብ፣ አቧራ ቀርቶ ሐሳብ የማያሳልፍ ማጣሪያ አስመጣ። ማሽኑ አየር መሳብ አቃተው። አቃሰተ፣ ጋለ፣ ቆመ። ማጣሪያ የሚመረጠው በማሽኑ አቅም ልክ መሆኑን ዓለምነው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ለሌላ ደንበኛ ቢሆን እንዲህ ያለ ስሕተት በሕልሙም አይሠራም። ለአባት ሲሆን ግን ሰው ከልክ ያልፋል። አውጥቶ ቀለል ባለው ለወጠው። ቀለል ያለው ሲያልቅ ደግሞ ማርቆስ ገበያ ላይ የሚሸጥ ጠፋ። ይኼን ጊዜ ነው ሥራነሽ ወደ ልብስ ሳጥኗ የሄደችው።

ያን ቀን ዓለምነው እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። እናትና ልጅ መደቡ ላይ ጨርቅ ከምረው፣ ጧፍ አብርተው፣ እንደ ሕፃን ሲጫወቱ ዋሉ። እሱ የሚፈለገውን ነገራት፤ አየሩን የሚያሳልፍ፣ አቧራውን የሚይዝ። ጨርቁን ከጧፉ ፊት ይወጥሩና በአፋቸው እፍ ይላሉ። ቡሉኮው ላይ ነበልባሉ ንቅንቅ አላለም። አቡጀዴው ስስ ይመስላል እንጂ ሽመናው ድፍን ነው፤ እሱም ወደቀ። በመጨረሻ ሥራነሽ ከሳጥኑ ሥር አንድ ያረጀ ነጠላ አወጣች። በገዛ እጇ የፈተለችው፣ ዓለምነውን ክርስትና ስታስነሣ የለበሰችው ነው። እፍ ሲሉበት ነበልባሉ ጎንበስ ብሎ ተነሣ። ዓለምነው ይኼ ይሆናል፣ ግን አይቆረጥም አላት። እሷ ግን መቀሱን አንሥታ ነበር።

ሁለት ቁራጭ አወጣችለት። ጠርዛቸውን ቀምቅማ፣ በማሽኑ መረብ ልክ አበጀቻቸው። አንዱ መረቡ ላይ ይነጠፋል፣ ሌላው ታጥቦ ታጥፎ ከማሽኑ ሥር ባለችው ሙዳይዋ ይቀመጣል፤ ሲቆሽሽ ይቀያየራሉ። አለቀ።

ግን ሥራነሽ ሥራ የማታጣ ሴት ነበረች፤ ስሟን ያወጣላት ሰው ዐውቆ ነው። ማለዳ ማለዳ የማሽኑን ክዳን ከፍታ ጨርቁን ማራገፍ ጀመረች። አንድ ቀን የክዳኑን መያዣ ሰበረችው። ዓለምነው ከባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ሲያየው ተበሳጨ፤ በእናቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፣ ያን ቀን ግን ትንሽ ከፍ አደረገ። ማሽኑ ራሱ ጊዜውን ቆጥሮ፣ ማጣሪያው አቧራ ሲይዝ ቢጫ መብራት እንደሚያበራና ጢው እያለ እንደሚጮኽ አሳያት።

«እማዬ፣ እስኪጠራሽ አትንኪው» አላት። «ሲጠራሽ ቀይሪው።»

ስሜን ያውቃል ወይ ብላ ሣቀችበት። ከዚያ ወዲህ ግን ቃሉን ጠበቀች። ማሽኑ ጢው ሲል ከማድ ቤት ሆና አቤት፣ መጣሁ ትላለች። ሌላ ሰው ቢሰማ አብዳለች ይል ነበር፤ ለዓለምነው ግን ደስ ይለው ነበር። ከእናንተ አባት ይኼ ይሻለኛል ትለዋለች፤ እሱ ይጠራኛል፣ እኔ አቤት እላለሁ፤ እሳቸውን ግን ስጠራ ብውል ማን ይሰማኛል?

እውነቷን ነው። የኔታ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቤት ውስጥ የሉም። ምሳ ቀርቧል ብላ ትጠራቸዋለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጣሪያ ላይ ሰክተው የአንድ ቃል ሁለት ፍች ያገላብጣሉ። ደግማ ትጠራለች። ሠልሳ ስትጠራ ምን ነበር ይላሉ፣ እንደ ተቀሰቀሰ ሰው። አቤት ብለዋት አያውቁም። አቤት ለመምህራቸውና ለፈጣሪ ነው፤ ለሚስት አቤት የሚል የእሳቸው ዘመን ሰው እኔም አላየሁም። ክፋት የለባቸውም፤ ይወዷታል። ብቻ ማሽን ይጩኽ ጥጃ ይጩኽ ለእሳቸው አንድ ነበር፤ ጨርቁ ሲቀየርም እሷ ስትቀይረው አንድ ቀን ቀና ብለው አላዩም።

ሥራነሽ በሁለት ሺህ አራት ጥቅምት አረፈች። ብዙም አልተኛች፤ ሆስፒታል ገባች፣ ዓለምነው ደርሶ ሳያያት አመለጠችው። የመጣው ለቀብር ነው። ያን ጊዜ ማሽን ትዝ የሚለው ማን ነው?

በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ታላቅ እህቱ ያለምወርቅ ደወለች። እሷም ባሕር ዳር ነው ትዳሯ። አባታቸው ብሶባቸዋል። ደረታቸው ያፏጫል፣ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መንገድ ላይ ይቀመጣሉ፣ ተማሪ ቅኔ ሲነግራቸው ለማረም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ኤሲው ጩኸት እንጂ ሙቀት የለውም፤ ንኩልኝ ብለው ለማንም አይፈቅዱም። እሷ ቆርጣለች፤ ቅዳሜ መኪና ይዛ ሄዳ ወደ ሞቃቱ አገር፣ ወደ ባሕር ዳር ታመጣቸዋለች። አልነሣም ቢሉ ተሸክማም ቢሆን።

ዓለምነው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የቅኔ መምህር ከጉባኤው ሲነሣ ጉባኤው ይፈታል፤ ከይጁቤ ከቁይ ድረስ አኩፋዳ ይዞ የመጣው ተማሪ ሌላ መምህር ፍለጋ ይበተናል። የእናቱ መቃብር ደግሞ እዚያው አጸዱ ውስጥ ነው፤ አባቱ ጧት ጧት ሳይሳለሙት አይውሉም። ባሕር ዳር ሰገነት ላይ አስቀምጠው ምሳ ቢያበሏቸው በክረምቱ ማብቂያ የሚቀበሩ መሰለው። አንድ ቀን ስጪኝ ብሎ ለመናት። ዓርብ ሄጄ ማሽኑን እሠራዋለሁ፤ ቤቱ ሞቆ ትንፋሻቸው ከተመለሰ ይቆያሉ፤ ካልሆነ ይዘሻቸው ሂጂ። እሺ አለችው፣ በግድ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ዝናቡ ለጉድ ይወርዳል። መብራት ሄዷል። ከመኪናው ወርዶ በባሕር ዛፉ መካከል ሲወጣ የተማሪዎቹ ጉርምርምታ ከየጎጆው ተቀበለው፤ ልጅ ሆኖ በዚያ ድምፅ ነበር የሚተኛው። በሩን ሲከፍት ዓይኑ ሳያስበው ወደ ማድ ቤቱ ዞረ፤ ለካ ሰው ከሞተ በኋላም ዓይን የለመደውን ይፈልጋል። እንዝርቷ ከግድግዳው ላይ እንደ ተሰካ ነው። ሙዳይዋም በቦታዋ አለች።

የኔታ መደቡ ላይ ጋቢ ደራርበው ተቀምጠዋል። ትንፋሻቸው ከበር ይሰማል። ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠ። የመንገዱን፣ የልጆቹን ጠየቁት፤ በሁለት ቃል መካከል እያረፉ። ከትንሣኤ ወዲህ ጣሪያው ሥር ወፍ እንደ ገባችባቸው በደስታ ነገሩት። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ትጮኻለች፣ ዝም ትላለች፣ ደግሞ ትጮኻለች፤ ቤቱ ባዶ እንዳይመስላቸው አድርጋለች። ተማሪዎቹን ጥሬ በትኑላት ብለው አዝዘዋል። ዛሬ ግን ድምፅዋ የለም፤ ዝናቡ ነው መሰለኝ አሉ። ዓለምነው በግማሽ ጆሮው ነው የሰማቸው። እሱ የሚያየው ማሽኑን ነው።

በክዳኑ ስንጥቅ ጨርቁ ይታያል። ነጭ ነጠላ መሆኑን የሚያውቅ ካልሆነ በቀር ማንም ነጠላ አይለውም፤ ጠቁሯል። አየር በዚያ በኩል ማለፍ እንደማይችል ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ነገሩ ቀላል ሆኖ በማግኘቱ ተደሰተ። ይኼን አውጥቶ፣ መረቡን አጥቦ፣ ይዞት የመጣውን አዲስ ማጣሪያ ቢያስገባ አለቀ። በርጩማ ስቦ ወጣ፤ እጁን ወደ ክዳኑ ሰደደ።

«አትንካው» አሉ የኔታ።

የሚቀልዱ መሰለው። ዞር ሲል ቆመዋል፤ ጋቢው ከትከሻቸው ወድቋል፣ ፊታቸው ተለውጧል። ወረደና ያስረዳቸው ጀመር። የሚያፍናቸው ይኼ ጨርቅ መሆኑን፣ ቆሻሻው ራሱ ተመልሶ ደረታቸው እንደሚገባ ነገራቸው። አይሆንም አሉ። ለመናቸው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ እሱም ደሙ ፈላና እንግዲያው ነገ ያለምወርቅ ይዛዎት ትሄዳለች፣ ጉባኤዎም ይፈታል አላቸው። ይህችን የመጨረሻ ዱላ አድርጎ ነበር ያስቀመጣት።

የኔታ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ትውሰደኝ አሉ፤ ጉባኤውም ይፈታ፤ እሱን ግን አትንካብኝ።

ዓለምነው ደነገጠ። ከጉባኤያቸው በላይ የሆነ ነገር ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። አጠገባቸው ሄዶ ተቀመጠና ምን ሆነው ነው አባባ ብሎ በልስላሴ ጠየቃቸው። እሳቸውም ከማንም ጋር ያልተነጋገሩትን ነገር ነገሩት።

ሆስፒታል ነው። ሥራነሽ በመጨረሻዋ ቀን ሁሉን ሰው አስወጥታ የእሳቸውን እጅጌ ያዘች። ስለ ልጆቹ ትናገራለች ብለው ጠበቁ፤ ስለ ቀብሯ፣ ስለ ተዝካሯ ትናገራለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ያለችው ይኼን ብቻ ነው።

«የሳንባውን ፍልጥሮ እስኪጠራዎ አይንኩት። ሲጠራዎ ይቀይሩት።»

ከዚያ በኋላ የረባ ቃል አልተናገረችም። የኔታ መጀመሪያ አልገባቸውም። ኋላ ከቀብር ተመልሰው ባዶው ቤት ውስጥ ሲቀመጡ ቃሉን ያገላብጡት ጀመር፤ ሌላ ምን ያውቃሉ? የሚጠራ ማን ነው? ሰውን የሚጠራ እግዚአብሔር ነው። እስኪጠራዎ ማለት እስኪሞቱ ማለት ነው። የሚቀየረው ምንድን ነው? ልብስ ነው። በእጇ የፈተለችው፣ ልጇን ክርስትና ያስነሣችበት ልብስ በሳንባው ላይ፣ በእስትንፋሳቸው ላይ ተነጥፏል። እግዜር እስኪጠራዎ ድረስ ልብሴን ከእስትንፋስዎ ላይ አያንሱብኝ፤ ሲጠራዎ ያን ጊዜ ትተውት ወደ እኔ ይመጣሉ፣ ልብስም ይቀይራሉ ማለቷ ነው። ይኼን ሁሉ ሲነግሩት ዓይናቸው ያበራ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲቀኙ ጎናቸው ተቀምጣ ጥጥ ስትባዝት የኖረች ሴት፣ አንድም ቀን ይኼ ቅኔያችሁ ከማለት ሌላ ያልተናገረች ሴት፣ ስትሰናበታቸው ከእሳቸው የበለጠ ተቀኘች። እንዲህ ያለ ኑዛዜ ለማን ተሰጥቶ ያውቃል? ታፍኜ ብሞትስ ምን አለበት፣ መጥራቱ ያው እሱ አይደል አሉ።

ዓለምነው አንገቱን ደፋ። የገዛ ራሱ ቃል ነበር። እስኪጠራሽ አትንኪው፤ ሲጠራሽ ቀይሪው። ክዳን ሰብራ የተቆጣት ቀን የነገራትን፣ እሷ እንደ አደራ ጠብቃ፣ ሽ የሚለውን ዎ አድርጋ ለባሏ አስረክባ ሄዳለች። እሷ ስትሞት ያሳሰባት ነገር ቅኔ አልነበረም፤ እኔ ከሌለሁ ይኼን ሰውዬ ማን ማጣሪያ ይቀይርለታል የሚል ነው። እንዴት ብሎ ይንገራቸው? ቢነግራቸው በአንድ ቃል የዘጠኝ ወር ስንቃቸውን ሊቀማቸው ነው። ባይነግራቸው ደግሞ እዚያው ፊቱ ታፍነው ሊያልቁ ነው።

መብራት የመጣው ያን ጊዜ ነው። አምፖሉ ብልጭ አለ። ማሽኑ ተንቀጠቀጠ፣ አቃሰተ፣ ጎኑ ላይ ቢጫ ነጥብ በራች።

ጢው።

«ይኸው!» አሉ የኔታ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ፈካ። «ወፊቱ መጣች። ሰማሃት?»

ዓለምነው ሰማት። ደግሞም አለች፣ ጢው፤ ቀጭን፣ ታጋሽ፣ ሰው እስኪመጣላት የምትጠብቅ ድምፅ። ተማሪዎቹ የበተኑት ጥሬ በግድግዳው ሥር፣ ማሽኑ ትይዩ፣ ዝናብ አበስብሶት እንዳለ ሲገባ አይቶት ነበር። ከትንሣኤ ጀምሮ።

«ወፍ አይደለችም አባባ» አላቸው። «ማሽኑ ነው። ማጣሪያው ሲቆሽሽ እንዲህ ብሎ ይጠራል። ለእማዬ የነገርኋት እኔ ነኝ፤ እስኪጠራሽ አትንኪው፣ ሲጠራሽ ቀይሪው ብያት ነበር።»

የኔታ ማሽኑን አዩት። እሱን አዩት። ምን ብለሃት ነበር ብለው እንደገና አስደገሙት፤ ልክ ተማሪ ቅኔውን ሲነግራቸው እንደሚያስደግሙት፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው አሉት። ከዚያ ደረታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዓለምነው ሳሉ ተነሣባቸው ብሎ ሊደግፋቸው ተጠጋ፤ ለካ እየሣቁ ነው።

ሰሙን ሳይዝ ወርቅ ፍለጋ የሄደ ተማሪ ቢኖር ጉባኤ መካከል አስቁመው እንደሚሰድቡት እየተንፈራገጡ ነገሩት። ደህና አድርጋ በአማርኛ የነገረቻቸውን ቅኔ ነው ብለው ዘጠኝ ወር ሲፈቱት መክረማቸውን፣ እሷ ይኼን ብትሰማ ምን እንደምትል እያሰቡ ሣቁ። ሣቁ፣ ሳሉ፣ ደግሞ ሣቁ። ዓለምነውም ሣቅ ያዘው። ከእናቱ ቀብር ወዲህ በዚያ ቤት የተሣቀ ሣቅ ያ የመጀመሪያው ነው።

ማሽኑ ጢው አለ። የኔታ ሣቃቸውን አቆሙ።

«ስትጠራኝ ከርማለች» አሉ። «ከትንሣኤ ጀምራ ስትጠራኝ፣ እኔ ጥሬ እበትንላታለሁ።»

አለቀሱ። ቀብሯ ላይ እንኳ ሰው ፊት ዕንባቸውን የያዙ ሰው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው እንደ ሕፃን አለቀሱ። በሕይወት ሳለች ስንት ጊዜ ጠርታቸው ስንት ጊዜ እንዳልሰሟት ሁለቱም ያውቁታል፤ ማን ይናገረዋል? ዓለምነው እጃቸውን ይዞ አብሮ ከማልቀስ ሌላ ያደረገው የለም።

ሲበቃቸው ፊታቸውን ጠርገው ተነሡ። ዓለምነው ወደ በርጩማው ሊሄድ ሲል እጁን ያዙት።

«እኔ እቀይረዋለሁ። የተባልሁት እኔ ነኝ።»

እንግዲህ በዕድሜያቸው ድስት ከድኖ የማያውቅ እጅ ነው። ዓለምነው ከጎናቸው ቆሞ በቃል መራቸው። መጀመሪያ ማሽኑን ያጥፉት። ክዳኑን ከታች በሁለት እጅ ይያዙ፣ ወደ ላይ። መረቡን ቀስ ብለው ይሳቡት፣ አያጣምሙት። ጨርቁ ከመረቡ ጋር ተጣብቆ ወጣ፤ የኔታ በጣታቸው ቢያሹት ከአቧራው መካከል ስስ የጥጥ ብናኝ ተጠቅልሎ ተነሣ፤ እሷ እዚሁ መደብ ላይ ስትባዝት የበነነ ነው። ጣታቸው ላይ አድርገው ትንሽ አዩት፣ ከዚያ ጧት በሚደግሙት ዳዊት ገጾች መካከል አስቀመጡት። መረቡን ለብ ባለ ውኃ አጠቡ፣ በጨርቅ አደረቁ። ጨርቁን ተማሪዎች መጥተው እንጠብልዎ ቢሏቸው አባረሯቸው፤ ራሳቸው ገበቴ ላይ ጎንበስ ብለው አጠቡት፤ ውኃው ጠቆረ፣ ደግመው ቀዱ፣ ጠራ። ዓለምነው ያመጣውን አዲስ ማጣሪያ ከቦርሳው አላወጣውም። ሁለተኛው ቁራጭ እሷ አጥባ እንዳስቀመጠችው ሙዳይዋ ውስጥ ታጥፎ ነበር፤ በመረቡ ላይ ነጠፉት፣ መረቡን መለሱ፣ ክዳኑን ዘጉ፣ ቢጫዋ መብራት እስክትጠፋ ቁልፉን ተጭነው ያዙ። ማሽኑ ሲበራ አላቃሰተም። ሞቅ ያለ አየር በቀስታ መውረድ ጀመረ።

ከሥሩ ቆመው ፊታቸውን አሞቁ። ተመልሳ ትጠራለች ወይ ብለው ጠየቁት። አቧራ ሲይዝ ትጠራለች አላቸው።

አስም በጨርቅ ይድናል ብዬ አልዋሻችሁም። የሚስቡትን መድኃኒታቸውን ይስባሉ፣ ብርድ ሲመታቸው ዛሬም ያፏጫሉ። ግን በማግሥቱ ያለምወርቅ መኪና ይዛ ስትደርስ ቤቱ ሞቋል፤ አባቷ ተማሪዎቻቸውን ሰብስበው አንዱን ምስኪን ሰሙን አልያዝህም እያሉ ያስጨንቁታል፤ ድምፃቸው ከግቢው በር ይሰማል። በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። ከወንድሟ ጋር አንድ ሁለት ተባባሉ፤ እንደገና ቢብስባቸው ማንንም እንደማትሰማ ምላ ተገዝታ፣ ምሳ በልታ ብቻዋን ተመለሰች።

ጥቅምት ገባ። የሥራነሽ ሙት ዓመት ሲቃረብ ዓለምነው ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ጣሪያ ላይ ቆሞ፣ እጁ በቅባት እንደ ተለወሰ፣ ለአባቱ ስልክ ደወለ። ስለ ድግሱ ተነጋገሩ፤ ካህናቱን ማን እንደሚጠራ፣ ጠላውን ማን እንደሚጠምቅ። የኔታ ትንፋሻቸው ደህና ነው፤ ስለ ጌሾው ያማርራሉ። በወሬያቸው መካከል ከስልኩ ውስጥ ያች ድምፅ መጣች።

ጢው።

የኔታ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ዝም አሉ። ሁለተኛ እስክትጠራቸው አልጠበቁም። ስልኩ መደቡ ላይ ሲቀመጥ ተሰማው፤ ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ዓለምነው ሰምቶት በማያውቀው ትሑት ድምፅ፣

«አቤት ሥራነሽ» አሉ። «መጣሁ።»

በርጩማው ሲጎተት፣ ክዳኑ ሲከፈት ይሰማል። ዓለምነው ጣሪያው ላይ ቁጭ አለ፤ ስልኩን አልዘጋውም።